በሩን ስለቆለፉልን ከልብ እናመሰግናለን

ለተከበሩ የብረት ማቅለጫ ፋብሪካው የንጹሕ ኢንዱስትሪ ሽግግር ጽሕፈት ቤት ዋና ኃላፊ

ጉዳዩ፦ በሽግግሩ ላይ ለተደረገልን ምክክር ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ፤ ከጤናም በተለይ የሳንባ ጤና። ቢሮዎ የጭስ ማውጫው ነፋስ በማይደርስበት በኩል ስለተሠራ ምኞቴ ትርፍ ሊሆን እንደሚችል አላጣሁትም። ሆኖም እኛ በነፋሱ መንገድ ላይ የምንኖር ሰዎች ስንገናኝ ሰላምታችንን የምንጀምረው «ደረትህ እንዴት ነው?» ብለን ነው፤ የለመደ አፍ ነውና ይቅር ይበሉኝ።

እኔን በመልክ ሳያስታውሱኝ አይቀርም። የማቅለጫው ክፍል የክሬን ኦፕሬተር ነኝ፤ የሠራተኛ ማኅበሩም ሊቀመንበር ነኝ። በሽግግር ኮሚቴው ስብሰባ ላይ ከዓምዱ ጀርባ የምትቀመጠው፣ ፊት ለፊቷ «ማኅበራዊ አጋር» የሚል ካርድ የሚደረግላት ሴት እኔ ነኝ። ስለ ወንበሩ እስካሁን በአደባባይ አላመሰገንኩም ነበር። በኮሚቴው ደንብ መሠረት አጋር ድምፅ ማሰማት እንጂ ድምፅ መስጠት እንደማይችል በነገሩኝ ጊዜ፣ ሁለቱ ነገሮች በአንድ ቃል መጠራታቸው ለእርስዎ ምን ያህል እንደተመቸ ገብቶኛል።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር ላስቀድም። እጃችንን ባወጣን ቁጥር «ለውጥ አትፍሩ» እያሉ ስለሚያጽናኑን፣ የፈራነው ለውጡን መስሎዎታል። ክቡር ሆይ፣ ጭሱ ይቁም ብለን መጀመሪያ የጮኽነው እኛ ነን። አባቴ ዕድሜውን ሁሉ በከሰሉ ምድጃ ፊት ሠርቶ፣ ጡረታውን ሳይጠግብ፣ ትራስ ተደራርቦለት እንደተቀመጠ ነው የሞተው፤ በጀርባው መተኛት ካቆመ ቆይቶ ነበር። እናቴ ዛሬም ጠዋት ጠዋት ፊቷን ከመታጠቧ በፊት የመስኮቱን ደፍ በእርጥብ ጨርቅ ትጠርጋለች፤ ጨርቁም ጠቁሮ ይነሣል። የኤሌክትሪክ ምድጃ ሊተከል ነው ሲባል ከቤታችን ቀድማ ደስ ያላት እሷ ናት። «ጭሱ ይቁም፤ ልጆቼ ግን ሥራ ፈትተው አይቁሙብኝ» ነው ያለችው። የማኅበራችንም አቋም ይኸው ነው። ከዚህ የተሻለ ማርቀቅ ስላልቻልን በኮሚቴው ፊት ያነበብኩት የእናቴን ቃል ነበር፤ እርስዎም «እጅግ ልብ የሚነካ ነው» ብለው ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፉ።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፦ ስላማከሩን እናመሰግናለን። አዲሱ ምድጃ ተገዝቶ፣ ተጭኖ፣ መንገድ ከጀመረ በኋላ ሐሳባችንን መጠየቅዎ ብዙ ክርክር አስቀርቶልናል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ቢሉንም፣ የጅቡ ዱካ ገና ትኩስ ስለነበር ትንሽ ጮኸናል። ማን እንደሚቆይ፣ ማን እንደሚሸኝ፣ የሚቆየውም በምን እንደሚመረጥ ጠየቅን። ይህ «የቴክኒክ ጉዳይ» ስለሆነ ለኮሚቴው እንደማይቀርብ ተነገረን፤ በምትኩ የአዲሱን ቱታ ቀለም እንድንመርጥ ሰፊ ዕድል ተሰጠን። አማራጮቹ አረንጓዴና ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ነበሩ። ሠራተኛው በሁለት ወገን ተከፍሎ ሲከራከር ሰነበተ፤ ቱታውን ማን እንደሚለብሰው ግን ማናችንም አናውቅም ነበር።

ሁለተኛ፦ ስላሠለጠኑን እናመሰግናለን። አሠልጣኙ ጨዋ ሰው ነበር፤ በየተራ መስተዋት ፊት እያቆመ ለአዲስ ቀጣሪ እንዴት ፈገግ እንደሚባል አሳየን። ምክትሌ በያጅ ነው፤ ሥራ ላይ እጁ፣ ነገር ላይ ደግሞ አመሉ ብልጭ ስለሚል «ብልጭታ» እንለዋለን። ፈገግ በል ሲባል ጥርሱን ብቻ አሳየና ሥራው የት እንዳለ ጠየቀ። አሠልጣኙም የነፋስ ኃይል ምሰሶዎች የሚመረቱበት ትልቅ ፋብሪካ ሥዕል ግድግዳው ላይ አበራልን። የት እንደሚገኝ ሲጠየቅ፣ ገና አልተሠራም አለ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ቢሠራስ እንዴት እንሄዳለን? የምንኖርባቸው ቤቶች የፋብሪካው ናቸው። ሥራውን በፈቃዱ የለቀቀ ቤቱንም በፈቃዱ እንደለቀቀ ይቆጠራል፤ ካሳም የለውም። እስኪሰናበት የጠበቀ ደግሞ ከሥራው ጋር ቤቱን ያስረክባል። ወደፊት ገደል፣ ወደ ኋላ ገደል፤ እኛ መካከሉ ላይ ቆመን መስተዋት እያየን ፈገግ እንላለን።

ሦስተኛ፦ በሩን ስለቆለፉልን እናመሰግናለን። ይህን እንደ ሌሎቹ በጥቂት መስመር ልገላገለው አስቤ ነበር፤ አልሆነልኝም፤ ስለዚህ ትዕግሥትዎን እለምናለሁ።

አዲሱ ምድጃ በሚመረቅበት ዕለት ማለዳ፣ የማኅበሩ ተወካዮችና ከየክፍሉ የተመረጡ ሠራተኞች ለ«ማጠቃለያ የምክክር መድረክ» በሥልጠናው አዳራሽ እንድንገኝ ታዘዝን። ፎቶ ስለሚኖር የሥራ ልብሳችንን አውልቀን፣ ንጹሕ ለብሰን እንድንመጣ ተባለ፤ ለበስን። አዳራሹ ቀድሞ የአሸዋ መጋዘን የነበረው ነው። በሩ አንድ ነው። መስኮቶቹ ኃይል ይቆጥባሉ ተብሎ በቅርቡ በማይከፈት መስተዋት ተተክተዋል። አወያይዋ ባለቀለም ወረቀት አድላን፣ ተስፋችንን እየጻፍን ግድግዳው ላይ እንድንለጥፍ ነገረችን፤ ከዚያ ስልክ ተደወለላትና ወጣች። አልተመለሰችም። ጥቂት ቆይቶ ቁልፍ ሲዞር ሰማን።

በመጀመሪያ በስህተት መስሎን ሳቅን። ብልጭታ ሄዶ እጀታውን ወዘወዘው፤ በሩ ንቅንቅ አላለም። በመስኮቱ ስናይ ግቢው በድንኳን ተሞልቷል፤ እንግዶች ከመኪና እየወረዱ እርስዎን ይጨብጣሉ። ያኔ ገባን። ከእንግዶቹ አንዱ ምናልባት ቀረብ ብሎ «እናንተስ ምን ትላላችሁ?» ቢለን ምን እንደምንመልስ ሰግተው ኖሯል። ስጋትዎ ትክክል ነበር፤ እንነግረው ነበር።

ድምፅ ማጉያው ጥሩ ስለነበር ንግግርዎን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዳምጠናል። በተለይ ያልረሳሁት «ይህ ሽግግር ከሠራተኞቻችን ጋር በራችንን ክፍት አድርገን የመከርንበት ነው» ያሉትን ነው። ጭብጨባው ደማቅ ነበር። እኛም ማጨብጨብ ይገባን ነበር፤ ነገር ግን በዚያው ቅጽበት እጃችን ሥራ ይዞ ጋሼ ደወልን ደግፈን ነበር።

ጋሼ ደወልን አያውቋቸውም። ብረት የሚፈስበትን የቅርጽ አሸዋ ሲነፉ የኖሩ፣ ጡረታቸው የተቃረበ ሰው ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ከእሳቸው ቀድሞ ሳላቸው ስለሚደርስ ነው። እሳቸውም «ደወሉ ካልተሰማ ሥራ አይጀመርም» እያሉ ይስቁበታል። ያን ዕለት ሰው በዝቶ አየሩ ታፍኖ ነበርና ሳሉ ተነሣባቸው። ከዚያ ሳሉ ቆመና ከደረታቸው ፉጨት ብቻ ይወጣ ጀመር። ያን ፉጨት ከአባቴ አውቀዋለሁ። በአፋቸው የሚስቡት መድኃኒት በሥራ ልብሳቸው ኪስ ውስጥ ነበር፤ የሥራ ልብሳቸው ደግሞ ለፎቶው ሲባል ልብስ መቀየሪያው ክፍል ውስጥ፣ ሎከራቸው ውስጥ ተሰቅሏል።

በሩን በሁለት እጄ ደበደብኩና ማን አለ ብዬ ጠየቅኩ።

«እኔ ነኝ፣ እታለም» የሚል ድምፅ መጣ።

ታናሽ ወንድሜ ነበር። እሱ የፋብሪካው ጥበቃ ነው፤ በትክክል ለመናገር፣ የፋብሪካውን በር የሚጠብቅ ግን የፋብሪካው ሠራተኛ ያልሆነ፣ በኤጀንሲ የተቀጠረ ሰው ነው። ሚስቱ የመጀመሪያ ልጃቸውን አርግዛለች። በአዲሱ ምድጃ በር ላይ ቋሚ ቦታ እንደሚሰጠው ቃል ተገብቶለት ነበር፤ ይህን ለእናታችን ሊነግራት ቤት የመጣ ቀን ሁለቱም አልቅሰዋል። ከጥበቃዎቹ ሁሉ እሱን በዚያ በር ላይ ያቆሙት አውቀው ይሁን በአጋጣሚ እስከ ዛሬ አልጠየቅኩም። መልሱ ከሁለቱ የትኛውም ቢሆን አይጠቅመኝም።

«ክፈት» አልኩት።

«ትእዛዝ ነው። እንግዶቹ እስኪሄዱ ድረስ ነው።»

«ጋሼ ደወል ትንፋሽ አጥሯቸዋል።»

በበሩ ሥር ጥላው ወዲያና ወዲህ ሲል ይታየኝ ነበር። በኋላ መድኃኒታቸው የት እንዳለ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። የጫማው ድምፅ እየራቀ ሄደ፤ ሩጫ ነበር። ወንድሜ ከልጅነቱ ጀምሮ መሮጥ የማይወድ ሰው ነው።

ተመልሶ ሲመጣ ቁልፉ ዞረና በሩ የመዳፍ ስፋት ያህል ተከፈተ። መድኃኒቱን ተቀብዬ ወደ ኋላ አቀበልኩ። ከኋላዬ ሰዉ ሁሉ ከወንበሩ ተነሥቷል። ብልጭታ ጫማውን በበሩና በመቃኑ መካከል አስገብቷል፤ በትከሻው አንድ ጊዜ ቢገፋ በሩም ወንድሜም እንደሚወድቁ ሦስታችንም እናውቃለን። ድንኳኑ፣ እንግዶቹ፣ ድምፅ ማጉያው እዚያው ነበሩ። ወንድሜ ፊቱ በላብ ርሶ አየኝ።

«እታለም፣ ከወጣችሁ እኔ አለቀልኝ» አለ።

ሁሉም ሰምተውታል። ብልጭታ ዞሮ አየኝ። የጠየቀው ሊቀመንበሯን ይሁን እህቲቱን አላወቅኩም፤ የትኛዋ እንደመለሰችለትም አላውቅም። «እግርህን አንሣ» አልኩት። አነሣ። ወንድሜ በሩን ቀስ አድርጎ መለሰው፤ ቁልፉም ዞረ።

ክቡር ሆይ፣ ሁለተኛውን ጊዜ በሩ የተቆለፈው እኛው ፈቅደን ነው። በዚህ ሽግግር ውስጥ የሠራተኛውን ሙሉ ስምምነት ያገኙበት ቅጽበት ቢኖር ያ ነው፤ በሪፖርትዎ ሳይጠቅሱት በመቅረትዎ አዝኛለሁ።

ጋሼ ደወል ትንፋሻቸው እንደተመለሰ መጀመሪያ የተናገሩት «አትፍረዱባቸው፤ ንጹሑን አየር እንዳንጨርስባቸው ነው» የሚል ነው። ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ግን ሰው ሰውን ማየት ከበደው፤ ሁላችንም ግድግዳው ላይ የለጠፍነውን ተስፋ ስናነብ ቆየን።

አራተኛ፦ ስለ ትሕትናዎ እናመሰግናለን። እንግዶቹ እንደተሸኙ በሩ ተከፍቶ፣ ፎቶ አንሺ አስከትለው ራስዎ ገቡ፤ ስለ «ጥቂቱ መጓተት» ይቅርታ ጠይቀው እጄን ጨበጡ። ፎቶው ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ዛሬም አለ። ሥልጠናው ከንቱ እንዳልቀረ ያየሁት በእሱ ነው፤ ፈገግ ብያለሁ። ከፎቶው ሥር ያለው ሪፖርትም «ተሳታፊዎች አንድም ሰው አቋርጦ ሳይወጣ መድረኩን እስከ ፍጻሜው መከታተላቸው፣ ሽግግሩ በሠራተኛው ዘንድ ያገኘውን ተቀባይነት ያሳያል» ይላል። ይህን ያረቀቀ እጅ የተባረከ ነው። ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ አንድም ሰው አልወጣም ማለቱ እውነት ነው።

አምስተኛ፦ ስለ ፍትሕዎ እናመሰግናለን። ከአዳራሹ በር በላይ ያስተከሉት አዲስ ካሜራ በሩ ሲከፈት ቀርጾ ኖሮ፣ በማግሥቱ ወንድሜ ተጠርቶ ተሰናበተ። ጥፋቱ «ያለ ፈቃድ በር መክፈት» ነው። ስለ መቆለፉ የተጠየቀ ሰው የለም። የደንብ ልብሱን አስረክቦ በሸሚዝ ብቻ ወደ ቤት መጣ። እናታችን ምሳ አቀረበችለትና በልቶ እስኪጨርስ አንድም ነገር አልጠየቀችውም። ሳህኑን ስታነሣ ነው የተናገረችው።

«ቆለፍክ ነው የሚሉት ወይስ ከፈትክ?»

«ሁለቱንም አድርጌያለሁ» አላት።

«በየትኛው ነው ያባረሩህ?»

«በከፈትኩት።»

እናታችን ሳህኑን እንደያዘች ቆመች። ከዚያ አስቀመጠችውና ያልቆሸሸውን ጠረጴዛ መወልወል ጀመረች። ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። ከአባታችን ሞት ወዲህ ምንም ነገር ለምኖኝ አያውቅም። «አንቺ ሊቀመንበር አይደለሽ?» ነው ያለኝ፤ ሌላ አልጨመረም።

ነኝ፤ ነገር ግን በእርስዎ ጽሕፈት ቤት ጥያቄ በኅብረት ስምምነቱ ውስጥ የገባው አንቀጽ የኤጀንሲ ጥበቃዎች የማኅበራችን አባል እንዳይሆኑ ይከለክላል። ፋብሪካውን ስጠይቅ «የኤጀንሲው ሠራተኛ ነው» አለኝ። ኤጀንሲውን ስጠይቅ «ፋብሪካው አልፈልገውም ብሎ ነው» አለኝ። ስንብቱ አባት አጣ። ወንድሜ ግን የሰፈሩን መንገድ ይዞ ሲሄድ ሌላም ነገር ጠበቀው፤ በር ሲከፍትላቸው የኖሩት ሰዎች ሰላምታ ነፈጉት። «ቆላፊው» የሚል ስም ወጣለት። ሚስቱ ውኃ ለመቅዳት ወረፋ ስትይዝ ወሬው ይቆማል። እርስዎ ስለከፈተ ቀጡት፤ እኛ ስለቆለፈ ቀጣነው። በዚህ እንኳን ተባብረን ሠርተናል።

በዚህ መካከል ጠቅላላ ጉባኤ ጠራን። አዳራሽ መግባት የሚፈልግ ስላልተገኘ የተሰበሰብነው ግቢው ውስጥ፣ ከመታጠቢያ ቧንቧዎቹ አጠገብ ነው። ሁለት ጉዳይ ነበረን።

የመጀመሪያው ከኮሚቴዎ እንውጣ ወይስ እንቀመጥ የሚል ነው። ብልጭታ እንውጣ አለ፤ እኛ እዚያ ስለተቀመጥን ነው «ተመክሮበታል» የሚባለው፣ ስማችንን ለምን እናበድራቸዋለን አለ። ሰዉ አጨበጨበ። ከሒሳብ ክፍል የመጣች አባላችን ደግሞ ተነሥታ፣ ብንወጣ ምን ተብሎ እንደሚጻፍ ጠየቀች፤ ራሷም «ተወካዮቹ በገዛ ፈቃዳቸው ራሳቸውን አግልለዋል» ተብሎ እንደሚጻፍ መለሰች፤ ከዚያ ወዲያ ማን እንደሚሰናበት የምንሰማው በማስታወቂያ ሰሌዳው ብቻ እንደሚሆን ተናገረች። ለዚያም ተጨበጨበ። ክቡር ሆይ፣ ሁለቱም ትክክል ስለነበሩ ክርክሩ የሚያልቅ አልሆነም። ብንቀመጥ ተስማምተናል፤ ብንነሣ ጥለን ሄደናል። ሦስተኛ መንገድ ያለው ሰው እጁን ያውጣ ብዬ ጠየቅኩ። አንድም እጅ አልወጣም። በመጨረሻ እንድቀመጥ ተወሰነ፤ እርስዎን ደስ ለማሰኘት ግን አይደለም።

ሁለተኛው የጥበቃዎቹ ጉዳይ ነው። አንቀጹን አንቀበልም፣ ጥበቃዎቹን አባል እናድርግ የሚል ሐሳብ አቀረብኩ። ይህን ስል ወንድሜ ከሰዉ ኋላ ብቻውን ቆሞ ነበር። አንዲት የማሸጊያ ክፍል ሠራተኛ፣ ያን ዕለት አዳራሹ ውስጥ አብራን የነበረች፣ ዓይኔን እያየች ተናገረች። እንደ ጥጃ ያጎረንን ሰው ወንድምሽ ስለሆነ ነው ወይ የምንቀበለው አለች። ወንድሜ ስለሆነ አልነበረም፤ ወንድሜ ባይሆን ኖሮ ግን ያን ያህል አልጣደፍም ነበር። ዝም አልኩ። ሊቀመንበር ዝም ሲል ጉባኤው ይጨንቀዋል።

ያኔ ጋሼ ደወል ተነሡ። ሳላቸውን ጨርሰው እስኪናገሩ ሁሉም ጠበቃቸው።

«እኔ ያን ቀን የተነፈስኩት በዚህ ልጅ ነው» አሉ። «መቆለፉን ሌላ ሰው አዞታል። መክፈቱን ማንም አላዘዘውም።»

እጃቸውንም እንዳወጡ ቀሩ። ሌሎች እጆች አንድ በአንድ፣ እየከበዳቸው ወጡ። ብልጭታ ከሁሉ ዘግይቶ አወጣ፤ ያቺ ሴት አላወጣችም፤ በጥቂት ብልጫ አለፈ። በማግሥቱ ጽሕፈት ቤትዎ በጻፈልን ደብዳቤ፣ አንቀጹ የተፈረመ ስለሆነ በእጅ ብዛት እንደማይሻር፣ ቢሻር እንኳ ማኅበር መናገር የሚችለው በሥራ ላይ ስላለ ሰው ብቻ እንደሆነ በትሕትና አስታወሰን። ስለዚህ ወንድሜ ዛሬ አባላችን ነው፤ ስለ እሱ መናገር ግን አልችልም። ይህን የምጽፈው እንደ እህት ነው፤ እህትነትን የሚከለክል አንቀጽ እስኪወጣ ድረስ።

አሁን የት እንዳለ ቢጠይቁኝ ከክሬኔ ላይ ሆኜ አሳይዎታለሁ። የኤሌክትሪኩ ምድጃ ከሰል አይፈልግም፤ የሚበላው አሮጌ ቁርጥራጭ ብረት ነው። ብረቱን የሚያቀርበው ነጋዴ ከአጥሩ ውጭ ቦታ ይዟል፤ ወንድሜ እዚያ ይለቅማል። የዛገ ቆርቆሮ፣ የተሰበረ የመኪና አካል፣ ሽቦ፤ ያለ ጓንት ነው፤ አቧራው እስከ ዓይን ሽፋሽፍቱ ነጭ አድርጎታል። ለሪፖርትዎ እንዲመች ልጨምር፦ በሽግግሩ ምክንያት አዲስ ሥራ ካገኙት ሰዎች መካከል ሊቆጥሩት ይችላሉ። እሱና ሚስቱ አሁን ከእኔና ከእናቴ ጋር ነው የሚኖሩት። ቤቱ በእኔ ስም ነው፤ እኔም በሥራ ላይ የምቆየው የከሰሉ ምድጃ እስኪጠፋ ድረስ ነው። አዲሱ ክሬን የኦፕሬተር መቀመጫ የለውም፤ ከታች በቁልፍ የሚታዘዝ ነው። ሕፃኑ የሚወለደው ከዚያ በፊት ይሁን በኋላ ሚስቱ በጣቷ ትቆጥራለች፤ እኔ መቁጠሩን ትቻለሁ።

አንዳንድ ቀን ከላይ ሆኜ ሁለቱንም ምድጃዎች አንድ ላይ አያለሁ። አሮጌው ይጨሳል፤ አዲሱ ዝም ብሎ ያበራል፤ ያምራል፣ አልዋሽዎትም። አባቴ በዚያ ፊት ቢሠራ ኖሮ ብዬ አስባለሁ። ከዚያ ዓይኔ ወደ አጥሩ ይሄዳል።

ከዚህ ሁሉ ውለታ በኋላ መጠየቅ ድፍረት እንደሆነ አውቃለሁ፤ ሆኖም ጥቂት ትናንሽ ነገሮች አሉን። በኮሚቴው ያለን ወንበር ድምፅ የሚሰጥ እንዲሆን እንለምናለን። ሥልጠናው ተሠርቶ ባለቀ ፋብሪካ ውስጥ ላለ ሥራ እንዲሆን፣ እሱም የከሰሉ ምድጃ ከመጥፋቱ በፊት እንዲሰጥ እንለምናለን። አዲስ ሥራ ያላገኘ ሰው ከቤቱ እንዳይወጣ፣ ከአጥሩ ውጭ ብረት የሚለቅሙትም የዚህ ምድጃ ሠራተኞች መሆናቸው እንዲታወቅ እንለምናለን። ወንድሜንም ወደ ሥራው ይመልሱት። መክፈት ጥፋት ከሆነ መቆለፍ ምን እንደሆነ በጽሑፍ ቢያስረዱን ደግሞ ለሚቀጥለው በር ጠባቂ መመሪያ ይሆናል።

አንድ እጅ አያጨበጭብም ይባላል። እርስዎ እስካሁን በአንድ እጅዎ እንዴት እንዳጨበጨቡ አይተን ተደንቀናል፤ ሁለተኛው እጅ እኛ ጋ እንዳለ ግን ልናስታውስዎ እንወዳለን።

ለመልስዎ አይቸኩሉ። ሌላ የምንሄድበት ስለሌለን፣ በዘገየም ጊዜ እዚሁ ያገኘናል።

በታላቅ አክብሮት፣ በማያቋርጥ አድናቆትና በተፈቀደልኝ መጠን ብቻ በሚሰማ ድምፅ፣

ከዓምዱ ጀርባ የምቀመጠው የኮሚቴዎ ታማኝ ጌጥ፣
የሠራተኛ ማኅበሩ ሊቀመንበር

ግልባጭ፦
ለማስታወቂያ ሰሌዳው (ከፎቶው ሥር ቦታ አለ)
ለአካባቢው ጋዜጣ
ለእናቴ፣ እኔው ላነብላት

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ ጥበቃዎቹን አባል ካደረግን ወዲህ ሌሎች የኮንትራት ሠራተኞችም መመዝገብ ጀምረዋል፤ ከእነሱም አንዷ የእርስዎ ጸሐፊ ናት። ይህን ደብዳቤ ፊደሉን ያረመችልኝ እሷ ናት፤ እንድጠቅሳት ፈቅዳልኛለች፣ ለመሰናበቻዋ የቀራት ጊዜ ጥቂት ነውና። የሽግግር ጽሕፈት ቤቱ በሙሉ ከኃላፊው ጀምሮ በኮንትራት የተቀጠረ እንደሆነ፣ ውሉም የከሰሉ ምድጃ በሚጠፋበት ዕለት እንደሚያበቃ የሰማነው ከእሷ ነው። ይህን ማንም አማክሮዎት እንደሆነ አላውቅም። የአባልነት ምዝገባው በምሳ ሰዓት ከቧንቧዎቹ አጠገብ ይካሄዳል፤ ከመሰናበትዎ በፊት ቢመጡ ይሻላል፤ ከተሰናበቱ በኋላ ስለ እርስዎ እንድንናገር ጽሕፈት ቤትዎ አይፈቅድልንም።